ሙያ በልብ ብቻ ያልቀረበት ገበያ
ላቀች ምድጃ ከታይላንድ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል መርካቶ እንዴት ገባ?

የከሰል ምድጃ ሊገዛ መርካቶ የወጣ ሸማች ፈጥኖ የሚያስተውለው ነገር ቢኖር የምድጃዎቹን መመሳሰል ነው። ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከውስጥ የተተኮሰ ሸክላ የተገጠመለት፣ ከሥሩ አየር ማስገቢያና አመድ ማውጫ በር ያለው “ላቀች” በዚህኛውም መደብር አለ፤ በዚያኛውም አለ። ሠሪው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ቆርቆሮውን ቆርጦ ያጥፋል፣ ሌላው ሸክላውን ይተኩሳል፣ ሦስተኛው ሁለቱን አገጣጥሞ ለነጋዴ ያስረክባል። “ሥሪቱ የእኔ ነው” ብሎ ከሌላው ሠሪ ኪራይ የሚቀበል የለም።

ነገሩ በኛ አገር የሙያ ልማድ ሲታይ እንግዳ ነው። “ሙያ በልብ ነው” የሚለው አባባል የሚነገረው ዝም ብሎ አይደለም። ባለሙያ የሚያውቀውን ለልጁ ወይም ለእህት ለወንድሙ ልጅ ካልሆነ በቀር ለባዕድ አያሳይም፤ ካሳየም እኩሌታውን ነው። ላቀች ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገር ወደ አገር በግልጽ ሲሰጥ የመጣ ሙያ ነው። በዚህ መስጠት ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ የሚለው ጥያቄ የምድጃ ሠሪውን ብቻ ሳይሆን በየተራው ያለውን ባለእጅ ሁሉ ይመለከታል።

የምድጃው ጉዞ

የላቀች ዘር የሚቆጠረው ከታይላንድ ነው። በዚያ አገር ባልዲ መሰል ውጫዊ ሽፋን ያለው፣ ውስጡ በወፍራም ሸክላ የተሠራ የከሰል ምድጃ ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በናይሮቢ ስለ አዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ ተካሄደ። ጊዜው የነዳጅ ዋጋ የናረበት፣ የደን መመናመንም መነጋገሪያ የሆነበት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የኬንያ ባለሙያዎች የታይላንዱን ምድጃ ተመልክተው ለአገራቸው ማብሰያ እንዲስማማ አድርገው ማሻሻል ያዙ።

ኬንያውያን ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበረው ምድጃ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን የአገሩ ተወላጅ አልነበረም፤ የባቡር ሐዲድ ሊሠሩ ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች እንዳስገቡት ይነገራል። የብረቱ ምድጃ ችግር ሙቀቱን ወደ ጎን መርጨቱ ነው። ዳንኤል ካመን የተባሉት አሜሪካዊ የኃይል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ በሜዳ ላይ እሳት ከሚገኘው ሙቀት ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በብረት ምድጃ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ሸክላ በተገጠመለት ምድጃ ደግሞ ከ25 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ልዩነቱ ለከሰል ከሚወጣው የቤተሰብ ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው።

አዲሱ ምድጃ “የኬንያ ሸክላ ጂኮ” ተባለ። ጂኮ በስዋሂሊ ምድጃ ማለት ነው። ሥራው ለአንድ ፋብሪካ አልተሰጠም። በናይሮቢ ሾሪ ሞዮ በመሳሰሉት ሠፈሮች በጠራራ ፀሐይ ብረት ለሚቀጠቅጡት፣ በዚህም የተነሳ “ጁዋ ካሊ” ማለትም “ጠራራ ፀሐይ” ለሚባሉት ባለእጆች ተሰጠ። ሥሪቱ በፓተንት አልታጠረም። ሥልጠናው የተሰጠው በግልጽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሂው አለን የተባሉ ጸሐፊ ለምድጃ ሠሪዎች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። ማንም ባለሙያ መጽሐፉን ገልጦ መሥራት ይችል ነበር ማለት ነው።

ጂኮ በዚሁ መንገድ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ የማብሰያ ኃይል ቁጠባ ፕሮጀክት፣ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሥሪቱን ለእኛ ገበያ አስማምተው “ላቀች” ብለው አወጡት። ከተለመደው የብረት ምድጃ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል እንደሚቆጥብ ተነገረለት። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነው “ምርጥ” ምድጃም ተከተለ። ምርጥ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በፎርማ የሚወጣ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ምድጃ ነው። ከምጣዱ የተረፈው ሙቀት ከበስተኋላው ድስት እንዲያሞቅ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እሳት ጋር ሲተያይ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። የምርጥ አሠራርም በየከተማው ላሉ የግል አምራቾች በሥልጠና ተላልፏል።

ዋጋውን ያወረደው ማን ነው?

ለነጋዴ የሚጥመው ጥያቄ ይህ ነው። ጂኮ መጀመሪያ ገበያ ሲወጣ ዋጋው 15 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ይህ ለናይሮቢ የቀን ሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም። ሥሪቱን የተማሩት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች በበዙ ቁጥር ግን ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያ 200 ያህል አነስተኛ ድርጅቶችና ባለእጆች ጂኮ ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ በአገልግሎት ላይ የዋለው ምድጃም ከ700 ሺሕ በላይ መድረሱ ተመዝግቧል።

አንድ ባለሙያ ምስጢሩን ይዞ ቢቀር ኖሮ ምናልባት በጥቂት ምድጃ ብዙ ያተርፍ ነበር። ገበያው ግን አይሰፋም። ሸክላ ሠሪው ብረት ቀጥቃጩን፣ ብረት ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪውን አይፈልገውም ነበር። ላቀችም ሆነ ጂኮ ሁለት ሙያ ካልተገናኘ የማይሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ መሠወሩ እንኳ ለማንም አይመችም። የሸክላውን ልክ ቀጥቃጩ ካላወቀ ቆርቆሮው አይገጥምም፤ የቆርቆሮውን ስፋት ሸክላ ሠሪዋ ካላወቀች እሳት ላይ የለፋችበት ሁሉ ሜዳ ይቀራል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቅርጽ ይቀዳል፣ ብልሃት ግን ይማራል

ይሁንና በነፃ መስጠት ሁልጊዜ በጎ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ጂኮ በተስፋፋ ጊዜ አብሮ የተስፋፋው ደካማው ጂኮ ነው። ምድጃውን በዓይኑ ብቻ አይቶ የቀዳው ሠሪ ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይለይ ዕቃ አወጣ። ሸክላው ግን በደንብ ያልተተኮሰ፣ ቆርቆሮውም ሳስቶ በወራት የሚበላ ሆነ። ገዢው ሲሰነጠቅበት የወቀሰው ያንን ሠሪ ሳይሆን ጂኮን በጠቅላላው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ሙያ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ይህን ዓይን ያለው ሁሉ ይወስደዋል። ሁለተኛው ብልሃቱ ነው። ጭቃው ከምን ተቀላቀለ፣ ስንት ቀን በጥላ ደረቀ፣ እሳቱ ምን ያህል ጋለ፣ በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት በምን ተሞላ የሚለው ከባለሙያ ጎን ቆመው ካልተማሩት በቀር ከተሠራው ምድጃ ላይ አይነበብም። ሦስተኛው ልኬት ነው። ይህ ምድጃ ከዚያኛው ምን ያህል ከሰል ይቆጥባል የሚለውን የሚመልሰው ሚዛን ብቻ ነው።

ሙያውን የሚደብቅ ባለእጅ የሚደብቀው ሁለተኛውን ነው። ቅርጹንማ ገበያ ላይ እስካወጣው ድረስ መደበቅ አይችልም። ውጤቱም ያልታሰበ ይሆናል። ቅርጹ ያለ ብልሃቱ ይሰራጭና መጥፎው ዕቃ የጥሩውን ስም ይዞ ይሸጣል። በመጨረሻ ምስጢሩን የጠበቀው ባለሙያ ራሱ በሌሎች ጥፋት ገበያውን ያጣል።

ባለእጅ ለምን ይደብቃል?

በኛ አገር መደበቁ ሥር ያለው ነገር ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂው ለረጅም ዘመን በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ በስማቸው በሚሳለቅ ማኅበረሰብ መካከል ኖረዋል። “ቡዳ” ተብለዋል፤ ርስት ተከልክለዋል፤ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደነበር ያሳያል። መሬት የሌለው ሰው ሀብቱ እጁ ላይ ያለው ሙያ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ለባዕድ ማሳየት ርስትን እንደ ማካፈል ይቆጠራል። ስለዚህ የባለእጁ መሠሰት የክፋት ሳይሆን የመከላከል ጉዳይ ነበር።

ዛሬም ቢሆን ጭንቀቱ አልጠፋም። ትናንት ሥራ የለመደ ልጅ ዛሬ ወጥቶ ከፊት ለፊት ሱቅ ይከፍታል። ያስተማረው ሰው የለፋበትን ሌላው በርካሽ ይሸጥበታል። “አስተምሬ ጠላት ላፈራ?” የሚለው ጥያቄ ስለዚህ በምክር ብቻ የሚመለስ አይደለም። ለሚሰጠው ባለሙያ የሚመለስለት ነገር መኖር አለበት።

ኮርንዎል የተገኘው መልስ

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የኮርንዎል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ሠፈር ነው። ጉድጓዶቹ ውኃ ስለሚሞሉ በእንፋሎት ሞተር መጠጣት ነበረባቸው። የድንጋይ ከሰል ግን በአካባቢው የለም፤ ከዌልስ በመርከብ ይመጣል። እንደኛው ምድጃ ሁሉ ዋናው ወጪ ማገዶው ነበር።

ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 ማገዶ የሚቆጥበውን ሞተር በፓተንት ያዘ፤ በ1775 የወጣ ሕግ ደግሞ መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከኮርንዎል ባለማዕድኖች የሚጠይቁት ኪራይ ሞተሩ ከቆጠበው የከሰል ዋጋ ሲሶውን ነበር። ሌሎች መሐንዲሶች ሞተሩን ላሻሽል ባሉ ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሙ። ፓተንቱ እንዳበቃም ነገሩ ወዲያው አልቀናም። ሞተሮቹን የሚከታተል ስለጠፋ ሥራቸው ለዓመታት ባለበት ቆየ።

መላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ነው። የማዕድን ሹሞቹ ተስማምተው የእያንዳንዱን ሞተር ሥራ የሚመዘግብ ወርኃዊ ጽሑፍ ማሳተም ጀመሩ። ዝግጅቱ ለጆኤል ሊን ተሰጠ፤ ጽሑፉም የሊን የሞተር ዘገባ ተባለ። መለኪያው ቀላል ነው። ቡሼል በሚባለው መስፈሪያ አንድ ስፍር ከሰል ሲነድ ሞተሩ ስንት ፓውንድ ውኃ አንድ ጫማ ከፍ አደረገ? ቁጥሩ ከሞተሩ አሠራርና ከመሐንዲሱ ስም ጋር ታትሞ ይወጣል። ሁሉም የሁሉን ያያል። የተሻለ ያደረገው ምን እንዳደረገ ይታወቃል፤ ሌላው ወስዶ በራሱ ላይ ይጨምርበታል።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሞተሮቹ አማካይ ልኬት ከ20 ሚሊዮን በታች ሲሆን፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ30 ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ ስፍር ከሰል የሦስት ስፍር ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከሞተሮቹ መሐንዲሶች አብዛኞቹ ለማሻሻያቸው ፓተንት አላወጡም። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1812 ዊል ፕሮስፐር በተባለው ማዕድን የተከለው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሞተር ማንም እንዲሠራው ክፍት ሆኖ ቀረ። ዘገባው እስከ 1904 ቀጠለ።

መሐንዲሶቹ ምን አገኙ ቢባል፣ ስም አገኙ። ቁጥሩ ከስማቸው ጋር ስለሚታተም ሞተሩ ከሁሉ የበለጠው መሐንዲስ በሚቀጥለው ወር ሌላ ባለማዕድን ይጠራዋል። ሙያውን በመስጠቱ ሥራ አላጣም፤ በመስጠቱ ሥራ አገኘ። ይሁን እንጂ ስም ሁሉንም አልጠቀመም። ያው ትሬቪቲክ እ.ኤ.አ. በ1833 የሞተው በድህነት ሲሆን፣ የቀብሩን ወጪ አዋጥተው የሸፈኑት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። ስለዚህ ከመስጠቱ ጋር ለሰጪው የሚተርፍ ነገር አስቀድሞ መታሰብ እንዳለበት ከዚያው ታሪክ መማር ይቻላል።

ሕጉ ለባለእጁ ምን አለው?

በኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ባለእጁን በቅርብ የሚመለከተው “አነስተኛ ፈጠራ” የሚለው ክፍሉ ነው። ታላቅ ግኝት ባይሆንም አዲስ የሆነና በሥራ ላይ የሚውል ማሻሻያ ያመጣ ሰው የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ጥበቃው ለ5 ዓመት ሲሆን፣ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ለፓተንት የሚያመለክት ሰው ግን ፈጠራውን ሌላ ባለሙያ ሊሠራው በሚችል ሁኔታ ገልጾ መጻፍ አለበት። ፓተንት ራሱ ጊዜ የተቆረጠለት ምስጢር አውጪ ነው ማለት ይቻላል።

ላቀችን የመሰለ ቀድሞ በሕዝብ እጅ የገባ ሥሪት ግን አዲስ ስላልሆነ ማንም ለብቻው ሊይዘው አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ባለእጆች የማያተኩሩበት ሌላ ሕግ አለ፤ እሱም በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ነው። ሥሪቱ የሁሉ ቢሆንም የሠሪው ምልክት የራሱ ነው። ምድጃው ላይ ምልክቱን የመታና ያስመዘገበ ሰው ሌላው በዚያ ምልክት እንዳይሸጥ መከልከል ይችላል። አሠራሩን ለመቶ ሰው ቢያስተምር እንኳ ገዢው የእሱን ከሌላው ይለያል። በኮርንዎል የታተመው ስም የሠራውን ሥራ እዚህ ሊሠራ የሚችለው ይኸው ምልክት ነው።

ከዚሁ ጋር የጎደለው ልኬት ነው። ልኬት የምርምር ጣቢያ ብቻ ሥራ ተደርጎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ሚዛንና ድስት ያለው ሠሪ ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። በሁለት ምድጃ ላይ እኩል ተመዝኖ ከሰል ይጨመራል፤ በሁለት ተመሳሳይ ድስት እኩል ውኃ ይጣዳል። ውኃው ፈልቶ ለተወሰነ ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ የተረፈው ከሰል ተዳፍኖ ይመዘናል። ይህ ሦስት ጊዜ ቢደገምና በተራው ያሉ ሠሪዎች ውጤቱን በአንድ ወረቀት ላይ ከየስማቸው ጋር ቢለጥፉት፣ የማን ምድጃ ምን እንደሚቆጥብ ገዢውም ሠሪውም ያውቃል። ደከም ያለበት ሠሪ ምን እንዳጎደለ ይጠይቃል። የበለጠውም ቢመልስለት አይከስርም፤ ስሙ ከላይ ተጽፏልና።

ለሸማቹ

እስከዚያው ግን ገዢው ራሱን መጠበቅ አለበት። ላቀች ሲገዙ በመጀመሪያ የሚታየው ሸክላው ነው። በጣት ኳ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው በደንብ የተተኮሰና ያልተሰነጠቀ ነው፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ያጠራጥራል። ሸክላውን በእጅ ይዘው ሲነቀንቁት ከቆርቆሮው ጋር መንቀሳቀስ የለበትም። የከሰል መቀመጫው ቀዳዳዎች ያልተደፈኑ መሆን አለባቸው። የአየር በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በደንብ የሚገጥም ካልሆነ ቁጠባ ብሎ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ምግቡ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብረጃው እሱ ነው። ድስት የሚቀመጥባቸው ማረፊያዎችም እኩል መሆናቸውን ማየት ይገባል።

አዲስ ምድጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጣጠል በጥቂት ከሰል ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ማድረግ ዕድሜውን ያረዝመዋል። የጋለ ሸክላ ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን እንዲሰነጠቅ መፍረድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሸማቹ “የማን ሥራ ነው?” ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢያመጣ ለገበያው ትልቅ ውለታ ነው። ስሙ የማይጠየቅ ሠሪ ለስሙ አይጨነቅም። ስሙ የሚጠየቅ ሠሪ ግን ሙያውን ለጎረቤቱ ቢያካፍል እንኳ የሚያጣው የለም። ከታይላንድ በናይሮቢ በኩል መርካቶ የደረሰው ምድጃ በየደረጃው የለገሰው ባለእጅ ባይኖር ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ሙያው ለሁሉ እንደሆነ ሆኖ፣ ምልክቱ ለሠሪው፣ ልኬቱም ለገዢው እንዲታይ ማድረግ ነው።